ቁስሉ የመጣው ከነርቩ ነው ወይስ ከመቀመጫው?

ብዙ ሰዓት ስትቀመጡ አንዱ ጎናችሁ ሲደክማችሁ ወደ ሌላው ታጋድላላችሁ አይደል? ይህን የሚያዛችሁ ስሜት ነው። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግን ይህ ምልክት ላይደርሰው ይችላል። የመቀመጫው አጥንት ሥጋውን ሲጫነው ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል። ይህ የግፊት ቁስል ይባላል። ኢንፌክሽን ከገባበት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ታዲያ መንስኤው ግልጽ ይመስላል። ድሮ ግን አከራካሪ ነበር። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1850ዎቹ ብራውን ሴካር የተባለው ተመራማሪ ሽባ የሆኑ እንስሳት ከግፊትና ከእርጥበት ከተጠበቁ እንደማይቆስሉ በሙከራ አሳየ። በኋላ የመጣው ታዋቂው የፈረንሳይ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ግን ቁስሉን የሚያመጣው የነርቩ ጉዳት ራሱ ነው አለ። የተሰሚነቱ ጉልበት ትልቅ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ጥፋቱ የነርቩ ከሆነ ሐኪሙ ምን ያደርጋል? እጁን አጣጥፎ ከማየት በቀር ምንም! በአንደኛው የዓለም ጦርነት አከርካሪያቸው የተመታ ወታደሮች አብዛኞቹ የሞቱት በዚህ ቁስልና በሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ነው።

በ1944 ከናዚ ጀርመን የተሰደደው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ከፈተ። ዋናው መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ሕመምተኞቹን ሌት ተቀን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ። ብዙዎቹ ተርፈው ከአልጋ ወረዱ። በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 የተጎዱ ወታደሮች በዊልቸር ሆነው የቀስት ውድድር አደረጉ። የፓራሊምፒክ ጅማሬ ይህ ነው።

ከአልጋ መውረድ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ዊልቸር ላይ ብዙው ክብደት የሚያርፈው በሁለት ትንንሽ አጥንቶች ላይ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሮበርት ግሬብ አየር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚዘዋወርበት የመቀመጫ ትራስ ይዞ መጣ። ክብደቱ ሲከፋፈል አጥንቱ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል።

ይሁንና ጥሩ ትራስም በልክ ካልሆነ አይጠቅምም። አየሩ ከበዛ ትራሱ ይደድራል፤ ካነሰ አጥንቱ ወለሉን ይነካል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ከዝቅተኛው አጥንት ሥር እጅ ሲገባ ከወለሉ እስከ አጥንቱ ከ1 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ መቅረት አለበት። የእግር ማሳረፊያው ከፍ ካለ ጉልበት ይነሳና ክብደቱ ተመልሶ መቀመጫ ላይ ይከመራል። መሃሉ ክፍት የሆነ እንደ ቀለበት ያለ ትራስ ደግሞ ጥሩ ይምሰል እንጂ ግፊቱን ዙሪያው ላይ ስለሚሰበስበው አይመከርም።

ትራስ ብቻውንም አይበቃም። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ማጋደል፣ ቆዳንም በየቀኑ በመስተዋት ማየት ያስፈልጋል። እንደኛ ባለ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ዳስሱት፤ ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የደደረ ወይም የላላ ቦታ ካለ ሰውየው እዚያ ላይ መቀመጡን አቁሞ ሐኪም ያማክር።

«ዕጣ ፈንታው ነው» ለተባለ ሰው ሕይወት የሰጠው የ2 ሰዓት መገላበጥ ነበር። ምክንያቱን በትክክል መለየት ይህን ያህል ያድናል።