በክፉ ቀን የተበላ፤ የዱር ምግብና የምግብ ሕግ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.

«ክፉ ቀን» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ታሪክ ለብዙ መከራ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን በቀድሞ ሽማግሌዎች አንደበት ያለ ምንም ተጨማሪ ቃል ሲነገር የሚያመለክተው ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቈየውን የከብት እልቂትና እሱን ተከትሎ የመጣውን ረኃብ ነበረ። ስለዚሁ ዘመን የተጻፈው አብዛኛው የነገሥታቱን ሥራና የጦርነቱን ነገር የሚመለከት ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ የመተማው ጦርነትና የውጫሌው ውል፥ የዐፄ ምኒልክ ዘውድ መጫንና የኢጣልያ ጦር ወደ ደጋው መውጣት ሁሉ የተፈጸሙት በነዚሁ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነውና። ሕዝቡ በዚያን ጊዜ ምን እየበላ ኖረ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ሥራ ሥርና ቅጠል፥ ቁርበትና የተከለከለ ሥጋ ተበላ ተብሎ። ከዚህ ከአንዱ ዐረፍተ ነገር በስተኋላ ግን ስለ አገሪቱ ሕዝቦች አኗኗር ብዙ የሚያስተምር ነገር አለ።

በሽታው ወደ አገር የገባው በምጽዋ በኩል ነው። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢጣልያ ጦር ለስንቅና ለጭነት ካስመጣቸው ከብቶች ጋር እንደ ገባ በአብዛኛዎቹ ጸሓፊዎች ዘንድ የታመነ ነው። በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። የሚያስፈራ ነገር በስሙ እንዳይጠራ፥ ቢጠራም በተቃራኒው እንዲጠራ የማድረግ ልማድ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ስላለ፥ ይህም ስም ከዚያው ልማድ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ደስታ ከሐማሴን ወደ ትግራይ፥ ከዚያም ወደ በጌምድር፥ ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ውስጥ ተዳረሰ። ከከብቱ ከዐሥር እጅ ዘጠኙ አለቀ የሚለው ግምት በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ቈጠራ ያልነበረበት አገር ስለ ሆነ አኃዙን እንደ አኃዝ ሳይሆን እንደ ምስክርነት መቀበል ይሻላል። በሽታው በዚህ አልቆመም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን ከብት ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ በማግሥቱ ዓመት እስከ ኬፕ ደረሰ። ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የተረጋገጠው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው።

የከብት መሞት ስለ ምን የእህል ረኃብ እንዳመጣ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የደጋው ገበሬ በበሬ የሚያርስ ነው፤ በሬው ሲሞት ማሳው ጦሙን ያድራል። በዚህ ላይ ዝናም ጐደለ፥ አንበጣና ተምችም መጣ። በሰሜንና በምዕራብ ደግሞ ቀደም ብሎ በጦርነት የተጐዳ አገር ነበረ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር በሣር ውሃ ድል ሆኖ ደርቡሽ ጎንደርን ዘርፎ አቃጥሏል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ሲወድቁ ሠራዊቱ ተበትኖ በገበሬው ላይ አደረ። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬ መቈፈርን እንዳይንቅ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ሲቈፍሩ መታየታቸው የታወቀ ነው። ይህ የንጉሥ ሥራ ለብቻው ቢታይ እንደ ትሕትና ብቻ ሊቈጠር ይችላል፤ ነገር ግን በእጅ ቈፍሮ መዝራትን እንደ ውርደት ለሚያይ የአራሽ ሕዝብ የተነገረ ዐዋጅም ነበረ።

በረኃብ ጊዜ ሰው የሚበላው ነገር ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የጐተራው ትራፊ፥ ቀጥሎ ለዘር የተቀመጠው፥ ከዚያ በግ፥ ፍየልና ዶሮ ይበላል። ደስታ በግና ፍየልን እንደ ከብት አልፈጀም፤ ሆኖም ሌላ ሀብት የሌለው ሰው መንጋውን በጥቂት ወራት ውስጥ መጨረሱ የማይቀር ነው። ወደ ዱር የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዱር ያለውን የሚያውቁትም በቅድሚያ ሴቶችና እረኞች እንጂ ባለ ርስቱና ወታደሩ አይደሉም። እንጨት ለቀማ የምትወጣ ሴትና ከብት የሚጠብቅ ልጅ በደኅና ዘመን አጋምና ቀጋ፥ እንጆሪና ኮሽም፥ ዶቅማና እንኮይ የት የት እንደሚገኝ ያውቃሉ። የዋንዛና የሾላ ፍሬ፥ በቆላም የቁርቁራ ፍሬ ልጆች በጨዋታ የሚበሉት ነው። በትግራይና በአካለ ጉዛይ ደግሞ በዚያው ምዕተ ዓመት ከባሕር ማዶ እንደ ገባ የሚነገረው በለስ ነበረ። የልጆች መክሰስ የነበረው ነገር የቤተ ሰቡ ሁሉ ምሳ በሚሆንበት ጊዜ የእረኛው ዕውቀት ከአባወራው ዕውቀት ይበልጣል።

ፍሬ ግን ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣና ቶሎ የሚያልቅ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ነፍስ የሚያቈዩት ቅጠልና ሥራ ሥር ናቸው። ከቅጠሎቹ ሁሉ በደጋው የታወቀው ሳማ ነው። ሳማ በዝናም ጊዜ እበት በጠገበ መሬት፥ በጓሮና በአሮጌ በረት አጠገብ ይበረታል፤ እንግዲህ ከብቱ ካለቀ በኋላ የሰውን ነፍስ ያቈየ አንዱ ቅጠል ከብቱ ትቶት በሄደው መሬት ላይ የበቀለው ነበረ ማለት ይቻላል። ቅጠሉ ካልበሰለ ይለበልባል፤ ሲቀቀል ግን ለስላሳ ወጥ ይሆናል። ከሥራ ሥሮቹ መካከል አሞች የሚባለው የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። በደንብ ሳይበስል የተበላ እንደ ሆነ አፍና ጕሮሮን ያቃጥላል፤ ስለዚህ እሳትና ድስት፥ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተራበ ሰው ደግሞ ያነሰው ትዕግሥት ነው። የዱር ምግብ በነጻ የሚገኝ ይመስላል እንጂ ዋጋው በድካም፥ በማገዶና በውሃ የሚከፈል ነው። ወንድ በጦር ሜዳ፥ ሴት በበሽታ ባለችበት ቤት ሳማ በደጅ በቅሎ ሳለ ሰው በረኃብ ሊሞት ይችላል።

እስከዚህ ያለው በሕግ የተከለከለ አልነበረም፤ የድኻ ምግብ ስለ ሆነ ያሳፍር ይሆናል እንጂ አያረክስም። ወደ ሥጋው ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ክርስቲያን በምግብ ነገር የኦሪትን ሥርዐት ይጠብቃል። በኦሪት ዘሌዋውያን በዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው የሚበላው እንስሳ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው። ከዱር አራዊት ጎሽ፥ አጋዘን፥ ድኩላና ሚዳቋ በዚህ መሠረት ንጹሓን ናቸው። ፈረስ፥ በቅሎና አህያ፥ ጥንቸልና ሽኮኮ፥ ጅብና ዝንጀሮ ግን ርኩሳን ናቸው። እንግዲህ በዚህ ላይ እስካሁን በበቂ ያልታሰበበት አንድ ነገር አለ። ደስታ የሚይዘው ሰኮናው የተሰነጠቀውን፥ ይልቁንም የሚያመሰኳውን እንስሳ ነው። ከርከሮን የመሰለ የማያመሰኳም ይነካል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚፈጀው ግን ከብትና ጎሽ፥ አጋዘንና መሰሎቻቸው ናቸው። በሽታው ሕጉ «ብሉ» ያለውን ወገን ለይቶ አጠፋ፤ ሕጉ «አትብሉ» ያለውን ወገን ግን በሕይወት አስቀረ። የሞተውም ሥጋ ሳይባረክ የሞተ በክት ስለ ሆነ ንጹሕ ከነበረው እንስሳ እንኳ ሊበላ የተፈቀደ አልነበረም፤ ለመብላት የፈለገ ሰው በሬውን ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ፥ ይድን ይሆናል የሚለውን ተስፋ ቈርጦ ማረድ ነበረበት። በዚያ ዘመን ፈረስና በቅሎ፥ አህያም ተበላ፤ የጅብም ሥጋ ሳይቀር ተበላ ተብሎ የተጻፈው እንደ አስደናቂ ወሬ ብቻ መታየት የለበትም። ሰዎቹ ሕጋቸውን ስለ ናቁ አልነበረም፤ ሕጉ የሚፈቅደው ሥጋ ከፊታቸው ስለ ጠፋ ነው።

በአደን መዳን ይቻል አልነበረም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ መልሱ በከፊል ከላይ ተሰጥቷል፤ የሚታደነውም በብዙ ስፍራ አብሮ ሞቷል። ከዚህም ሌላ በደጋው አደን የምግብ ሥራ አልነበረም። ዝሆንና አንበሳ፥ ጎሽና አውራሪስ መግደል የጀግንነት ሥራ ነው፤ ገዳዩ ይፎክራል፥ ይሸለማል፥ በጠጕሩና በጆሮው ምልክት ያደርጋል፤ የዝሆኑ ጥርስ ለጌታው ይገባል፥ ሥጋው ግን የነገሩ ዋና አይደለም። ጠመንጃና ባሩድ በመኳንንቱና በወታደሩ እጅ ነበረ። ከጥንት ጀምሮ በታረሰው ደጋ ደንም አራዊትም አስቀድሞ አንሶ ነበር። ለረኃብ ይጠቅም የነበረው አደን የጀግናው ሳይሆን የልጁ ነው፤ ቆቅና ጅግራ በወጥመድ መያዝ። ወፎቹ በበሽታው አይነኩም፥ በሕግም የተፈቀዱ ናቸው፤ ነገር ግን ልጁ ፈጥኖ ካልደረሰ በወጥመድ የሞተው በክት ይሆናል። አደኑ በሌላ በኩል ተገለበጠ፤ ከብትና ድኩላ ያጡት አንበሳ፥ ነብርና ጅብ በቀን ብርሃን ሰውን ማደን መጀመራቸውን የዘመኑ ጸሓፊዎች መዝግበዋል።

አደንና ለቀማ መተዳደሪያቸው የሆኑ ሕዝቦች በኢትዮጵያ ውስጥ ከጥንት ነበሩ። በጣና ዳር በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ጉማሬ ያድኑ የነበሩት ወይጦዎች፥ በከፋ ከርከሮና ጕሬዛ የሚበሉት ማንጆዎች፥ በቦረናና በደቡብ ኦሮሞ መካከል የሚኖሩት ዋታዎች ከነዚህ ይቈጠራሉ። ሁሉም በጎረቤቶቻቸው የተናቁ ነበሩ፤ የተናቁበትም ዋና ምክንያት የሚበሉት ነገር ነበረ። ወይጦ እስላም ነኝ ቢልም የጉማሬ ሥጋ ይበላል ተብሎ ሌላው እስላም እንደ ወንድም አይቀበለውም፤ ማንጆ ከከፋ ሰው ቤት ገብቶ አብሮ አይበላም ነበረ። አራሹና ከብት አርቢው የከለከሏቸውን ምግብ ለመብላት በተገደዱበት ዘመን ይህ ወሰን ለጊዜው ትርጕሙን አጣ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ከአዳኙ በምን ይለያል? በማሳይ አገር ነገሩ በግልጽ የታየ ነው። ማሳዮች አዳኞችን «ኢል ቶሮቦ» ሲሉ ከብት የሌላቸው ድኾች ማለታቸው ነው፤ «ኤሙታይ» ባሉት በዚያው የእልቂት ዘመን ከብታቸውን ያጡ ብዙ ማሳዮች ከነዚሁ ከሚንቋቸው ሰዎች ጋር ገብተው በአደን ኖሩ፥ ከብት ባገኙ ጊዜም ተመለሱ። የአዳኝነት ስም የዘር ስም ብቻ ሳይሆን የኑሮ ደረጃ ስምም እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን እንደዚህ ያለ መግቢያና መውጫ በር ያለ አይመስልም፤ ረኃቡ ሲያልፍ ንቀቱ እንደ ነበረ ቀጠለ። የተከለከለውን የበላው አራሽ ንስሐ ገብቶ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ ያንኑ በየዕለቱ የሚበላው ማንጆ ግን ማንጆ ሆኖ ይቀራል።

የዱር ምግብ ሌላም ችግር ነበረበት። ለቀማ መዞርን ይጠይቃል፤ በአንድ መንደር ዙሪያ ያለው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው መሄድ ግድ ነው። ከረኃቡ ጋር ግን ፈንጣጣ፥ ተቅማጥና ኮሌራ መጥተው ነበረ፤ ተላላፊ በሽታ ደግሞ ሰው ከሰው እንዳይደርስ፥ መንደርም ከመንደር እንዲራራቅ ያስገድዳል። የሚዞረው ሰው በሽታውን ይዞ ይዞራል፤ የማይዞረው ይራባል። ብዙዎቹ ዞሩ፤ በመጨረሻም ዱሩ ሳይሆን ከተማው ሳባቸው። በእንጦጦ ከቤተ መንግሥት እህል ለማግኘት፥ በምጽዋ ከኢጣልያኖች ትራፊ ለመልቀም ተሰበሰቡ። በ1883 ዓ.ም. ከመርማሪ ኮሚሲዮን ጋር ምጽዋን ያየውና በኋላ የኤርትራ ገዢ የሆነው ፌርዲናንዶ ማርቲኒ በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፥ የተራቡት ሰዎች በግመል ፋንድያ ውስጥ ሳይፈጭ የቀረ የእህል ቅንጣት ሲፈልጉ ማየቱን ጽፏል። ይህ የለቀማ የመጨረሻው ደረጃ ነው።

ከዚህ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ፥ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፥ በከተማው ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደ ሞተ ሲገመት፥ ራስ ተፈሪም ታመው ነበረ። መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ፥ ሰው በየቤቱ ተኛ። በዚህ ጊዜ የጐደለው እህል ሳይሆን የሚፈጭና የሚጋግር፥ ውሃ የሚቀዳ ጤነኛ ሰው ነበረ። ዱሩም ቢሆን የቀድሞው ዱር አልነበረም፤ ከተማዋን ይከብባት የጀመረው ባሕር ዛፍ ማገዶ ይሰጣል እንጂ ፍሬው አይበላም። ሳማው ግን በየአጥሩ ሥር እንደ በቀለ ነበረ።