ኤችዲኤል እና የደም ስኳር፦ ከተቋረጠ ሙከራ የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው ሚሼል ማሽቡፍ ዛሬ ኤችዲኤል የምንለውን ኮሌስትሮል ተሸካሚ ፕሮቲን ከፈረስ ደም ለየ። ከዚያ ወዲህ ይህ ፕሮቲን በአመዛኙ የተጠናው ከልብና ከደም ሥር ሕመም አንጻር ነው።

ኤችዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ቶርሴትራፒብ ግን የሟቾችን ቁጥር በመጨመሩ ሙከራው በ2006 ተቋረጠ። በ2009 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ኤችዲኤልን በደም ሥር ሲሰጡ የዓይነት 2 ስኳር ሕሙማን የደም ስኳር ቀነሰ፤ ኢንሱሊናቸውም ጨመረ። በ2011 የቶርሴትራፒብ መረጃ እንደገና ሲመረመር፣ መድኃኒቱን የወሰዱት የስኳር ሕሙማን የተሻለ የስኳር ቁጥጥር እንደነበራቸው ታየ።

ስለዚህ በስኳር ሕሙማን ዘንድ የሚታየው የኤችዲኤል ማነስ የበሽታው ውጤት ብቻ ሳይሆን አባባሹም ሊሆን ይችላል። ይሁንና የላቦራቶሪ ቁጥር መሻሻል ብቻውን ለሕመምተኛው ሕይወት ዋስትና እንደማይሆን የ2006ቱ ሞት ያስታውሰናል።