ከሱቅ በደረቴ እስከ ጅምላ፦ የመርካቶ ነጋዴ በምን አደገ? ለምንስ ቆመ?

ስለ መርካቶ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስፋቱ ነው። ስለ ንግድ መማር ለሚፈልግ ሰው ግን ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። ባንክ ያላበደረው፣ ከአባቱ ሀብት ያልወረሰ፣ ከገጠር የመጣ ወጣት እንዴት የጅምላ ነጋዴ ሊሆን ቻለ? ከዚያስ ብዙው ለምን እዚያው ላይ ቆመ?

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የገቢና የወጪ ንግዱን በአብዛኛው የያዙት ሕንዶች፣ ዓረቦች፣ ግሪኮችና አርመኖች ነበሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ከተማዋን ሲይዝ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ነጭና ጥቁርን ለመለየት ባወጣው ፕላን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ዛሬ መርካቶ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ትልቁን የሕንዶች ኩባንያ መሐመድአሊን በ1929 ዓ.ም ከአገር አስወጣ።

ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚህ አዲስ ገበያ ውስጥ ቀስ በቀስ ቦታ የያዙት ብዙዎቹ ከጉራጌ አገር የመጡ ወጣቶች ነበሩ። አንዳንዱ በሊስትሮ፣ አንዳንዱ በሸክም፣ ሌላው በሱቅ በደረቴ ጀመረ። የቀደመው ለተከታዩ ዘመዱ መኝታና ሥራ ይሰጣል። አዲሱ ልጅ ሱቅ ውስጥ ሲላላክ ዋጋን፣ ደንበኛንና ዕቃ የሚመጣበትን መንገድ ይማራል። ሲበቃ አሠሪው ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ያወጣዋል። ዛሬ «ሥልጠና» እና «መነሻ ካፒታል» ተብለው በሁለት ቢሮ የሚፈለጉት ነገሮች ያን ጊዜ በአንድ ሱቅ ውስጥ ይገኙ ነበር።

ትልቁ ሞተር ግን ዕቁብ ነበር። ዕቁብ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ዕጣው ቀድሞ ለደረሰው ሰው ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ መጨረሻ ለደረሰው ቁጠባ ነው። መያዣው ቤት ወይም መሬት ሳይሆን ዋስ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ካልጠራ ገንዘቡን አይወስድም፤ ከወሰደ በኋላ መጣል ቢያቆም ዳኛው የሚይዘው ዋሱን ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ስሙን ነበር። ደግሞም የየሳምንቱ ዕቁብ ስላለበት ትርፉን እንዳገኘው አይበላም። ዕቃው ቶሎ እንዲዞር በትንሽ ትርፍ ይሸጣል። በአንድ ዕቃ ብዙ ከማትረፍ አንዱን ብር ደጋግሞ ማዞር ይሻላል የሚለው የመርካቶ ስሌት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም መጣ። ደርግ በታህሳስ ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን፣ በጥር ደግሞ 72 ድርጅቶችን ወረሰ። በዓመቱ በወጣው አዋጅ ቁጥር 76/1968 የግል ቸርቻሪ ካፒታል ከ200 ሺህ ብር፣ የጅምላ ነጋዴ ከ300 ሺህ፣ የኢንዱስትሪ ባለቤት ደግሞ ከ500 ሺህ እንዳይበልጥ ተወሰነ። አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ዘርፍ መያዝም ተከለከለ። ይህ ጣሪያ የተነሳው በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

የአዋጁ ጉዳት በብር ብቻ አይለካም። ማደግ የሚያስቀጣበት ዘመን ነጋዴውን ትንሽ መስሎ መኖርን አስተማረው። ሂሳብ አለመጻፍ፣ ዕቃን በየዘመዱ ቤት መበተን፣ ሽያጭን በቃል መጨረስ ያን ጊዜ ብልህነት ነበር። አዋጁ ቢነሳም ልማዱ አልተነሳም፤ ግብር ሰብሳቢውን መፍራትም አጸናው። በደረሰኝ ጉዳይ በመርካቶ በየጊዜው የሚነሳው ውዝግብ አንዱ ሥሩ እዚህ ነው። ጥፋቱንም የነጋዴው ብቻ ማድረግ አይቻልም፤ ሕግ በየጊዜው ሲለዋወጥ ያየ ሰው መዝገቡ ነገ ማስረጃ ይሁነው ወይም ክስ አያውቅም።

የሆነ ሆኖ የልማዱን ዋጋ የሚከፍለው ራሱ ነጋዴው ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የብዙ ሰዎችን ንብረት በአንድ ሌሊት አወደመ። እንዲህ ባለ ቀን ምን ያህል ዕቃ እንደነበረው በጽሑፍ ማሳየት የማይችል ነጋዴ ኢንሹራንስ ቢኖረው እንኳ ካሳውን በቀላሉ አያገኝም። ባንክም የሚያበድረው ለታየው ሂሳብ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ዱቤው በማን ላይ እንዳለ የሚያውቅ ስለሌለ ሱቁ አብሮ ይቀበራል።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ አነስተኛ ነጋዴ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ከአባቶች የሚወሰደው የዕቁብ ሥርዓት፣ ስምን መጠበቅና ብርን ማዞር ነው። የሚተወው መደበቅ ነው። የየቀኑን ሽያጭ፣ ዱቤና ወጪ የሚይዝ አንድ ደብተር መክፈት፣ የቤት ወጪን ከሱቅ ገንዘብ መለየት፣ ለራስ ደመወዝ መቁረጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መንግሥትም በበኩሉ ሂሳቡን ያሳየ ነጋዴ ከደበቀው የተሻለ እንደሚጠቀም በተግባር ማሳየት አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ነገር ግን እንቁላሉ ቅርፊቱን ሳይሰብር አይሄድም።