ብድሩን የማይረሳ ሕዝብ፤ ስለ ሜክሲኮዋ ዋሃካ ልማዶች

ሜክሲኮ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው በመጀመሪያ የሚታሰበው አደባባዩ ነው። አደባባዩም በዚህ ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 አገራችንን በወረረች ጊዜ ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ወረራውን ከተቃወሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። በሜክሲኮ ዋና ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የባቡር ጣቢያ አለ። ስለዚህ ወዳጅ ሕዝብ ኑሮ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከሜክሲኮ ግዛቶች አንዷ የሆነችውን የዋሃካን ልማድ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋሃካ በደቡብ ሜክሲኮ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ ተራራማ ግዛት ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዋ ከ4 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጥ ነበር። በውስጧ 16 ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ፤ በቍጥር የሚበልጡት ዛፖቴክና ሚክስቴክ ናቸው። በባሕሩ ዳርቻ ደግሞ በቅኝ ግዛት ዘመን ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች አሉ። ሁለት ታላላቅ የተራራ ሰንሰለቶች የሚገናኙባት ስለ ሆነች መንደር ከመንደር በገደል ተለያይቶ ኖሯል፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱን ቋንቋ፥ የራሱን ልብስና የራሱን በዓል አቆየ። ግዛቲቱ በ570 ማዘጋጃ ቤቶች የተከፈለች መሆኗም ይህንኑ ያስረዳል።

የሕዝቡ ታሪክ ጥንታዊ ነው። ዛፖቴኮች ሞንቴ አልባን የተባለውን ከተማ ከተራራ ጫፍ ላይ መሥራት የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ነበር። በ1521 እስፓንያውያን መጥተው ሃይማኖታቸውን፥ ቋንቋቸውንና ሕጋቸውን አመጡ። ሕዝቡም አዲሱን ተቀብሎ ከአሮጌው ጋር አዋሐደው። ለምሳሌ ያህል፥ በኅዳር መባቻ በየዓመቱ ሙታንን ሲያስብ በቤቱ ውስጥ ቢጫ አበባ፥ ዳቦና ቸኮላታ ያኖራል። ይህ ልማድ ከሁለቱም ወገን የተወለደ ነው።

ከልማዶቹ ሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን ጌላጌትሳ የሚባለው ነው። ቃሉ ዛፖቴክኛ ሲሆን እርስ በርስ መረዳዳትን ያመለክታል። አንድ ሰው ልጁን ሲድር ወይም የመንደሩን በዓል ሲደግስ ዘመድና ጎረቤት በቆሎ፥ ዶሮ፥ ካካዎ፥ ሜስካል የተባለውን አረቄ ይዞለት ይመጣል። በብዙ መንደር የመጣው ሁሉ በደብተር ይጻፋል። ነገ ሰጪው በተራው ሲደግስ ተቀባዩ ያንኑ ያህል ይመልሳል፤ አባት ሳይመልስ ቢሞት ልጅ የሚከፍልበት ቦታም አለ። ይህም የእኛ ገበሬ ወንፈል ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለውን ተረታችንን የዋሃካ ሰው ቢሰማው ትርጓሜ አያስፈልገውም።

የመንደሩ ሥራም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ቴኪዮ በተባለው ልማድ እያንዳንዱ ቤት ያለ ደመወዝ ወጥቶ መንገድ ይጠርጋል፥ የውሃ ቦይ ይቈፍራል፥ ትምህርት ቤት ይሠራል። በብዙ መንደሮች ሹመትም ቢሆን በተራ የሚወድቅ ግዴታ ነው፤ ወጣቱ ከመልእክተኛነት ጀምሮ እያገለገለ ወደ ላይ ይወጣል። በ1995 የግዛቲቱ ሕግ ይህን አመራረጥ ስለ ተቀበለ፥ ከ570ዎቹ ማዘጋጃ ቤቶች ከ400 የሚበልጡት ሹሞቻቸውን በልማድ ይመርጣሉ። ወደ አሜሪካ ለሥራ የሄደ ሰው እንኳ ተራው ሲደርስ ይጠራል።

ጌላጌትሳ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው ግን በሌላ መልኩ ነው። በ1931 የመሬት መንቀጥቀጥ የዋሃካን ከተማ አፈራረሳት። በማግሥቱ ዓመት ከተማይቱ የከተማነት ማዕረግ ካገኘች 400 ዓመት ስለ ሞላት፥ ከየአውራጃው መልእክተኞች ልብሳቸውን ለብሰው፥ ስጦታቸውን ይዘው በአንድነት አከበሩ። ከዚህ የተነሣው በዓል በየዓመቱ በሐምሌ በሁለት ሰኞ ይከበራል፤ ጨፋሪዎቹም ሲጨርሱ ፍሬና ባርኔጣ ለተመልካች ይወረውራሉ። በዓሉ አዲስ ልማድም ወልዷል፤ እጅግ የሚወደደው የአናናስ አበባ ጭፈራ በ1958 አንዲት መምህርት ለዚሁ በዓል ያዘጋጀችው ነው። ነገር ግን የፊተኛው መቀመጫ በገንዘብ የሚሸጥ በመሆኑ፥ በዓሉ የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። በ2006 መምህራን ባመፁ ጊዜ የመንግሥቱ በዓል ቀረና እነርሱ በነጻ የሚታይ ሌላ ጌላጌትሳ አደረጉ።

ልማድ ሁሉ መልካም ነው አንልም። በ2007 ኤውፍሮሲና ክሩዝ የተባሉ ዛፖቴክ ሴት በተወለዱበት መንደር ለሹመት ቢወዳደሩ፥ ሴት በልማድ አይሾምም ተብለው ተከለከሉ። እርሳቸው ግን አቤቱታቸውን ሳይተዉ ቀጥለው በ2010 የግዛቲቱ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። ልማድን መውደድና ማረም አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

በትምህርት በኩል ያለው ነገር ከሁሉ ይልቅ እኛን ይነካናል። በ1806 በጌላታኦ የተወለደው ዛፖቴኩ ቤኒቶ ሁዋሬዝ ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጥቶ፥ በ12 ዓመቱ እስፓንኛ በቅጡ ሳያውቅ ትምህርት ፍለጋ ወደ ከተማ ወረደ። ኋላም የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ አገሩንም ከፈረንሳይ ወረራ አዳነ። ሆኖም የእርሱ ወገን ያወጣው የ1856 ሕግ የመንደሮችን የጋራ መሬት ለሽያጭ አጋለጠ። ከእርሱ በኋላም በብዙ ትምህርት ቤት በእናቱ ቋንቋ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር። በ2020 በዋሃካ ከነባር ቋንቋዎች አንዱን የሚናገረው ከመቶ 31 ያህል ብቻ ነበር።

እንግዲህ እንደ እኛ አስተያየት፥ ልማድን በሕይወት የሚያቆየው ጭፈራውና ልብሱ ሳይሆን ብድሩ ነው። በመድረክ የተወረወረውን አናናስ ተመልካቹ ይዞት ይሄዳል፤ በመንደር የተሰጠው ግን በደብተር ተጽፎ መልሱን ይጠብቃል። እኛም ከልዩ ልዩ አውራጃ ተሰብስበን በዚህ ትምህርት ቤት የተማርነው ወላጆቻችን ከጎተራቸው ቀንሰው፥ መምህራኖቻችንም ደክመው ነው። በዘንድሮው ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ስንወጣ፥ በስማችን አንጻር የተጻፈው ብዙ መሆኑን አንዘንጋ።