ከሻምፒዮኑ በፊት የቆመው የገንዘብ በር፦ አኪባ ሩቢንስታይን እና የቼዝ ዘውድ

ዛሬ የማነሣው ሰው የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። ለዘውዱ በሚደረግ ግጥሚያ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠም። የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ለአገራችን ሰንጠረዥ የሩቅ ዘመድ የሆነው ቼዝ ዓለም አቀፍ ዳኛ አልነበረውም። ፊዴ በ1924 ፓሪስ ላይ ቢመሠረትም ዘውዱን ማስተዳደር የቻለው አሌኪን በ1946 ከሞተ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ማዕረጉ የባለቤቱ የግል ንብረት ያህል ነበር። ከማን ጋር፣ የትና በስንት ገንዘብ እንደሚጋጠም የሚወስነው ራሱ ሻምፒዮኑ ነበር።

ኢማኑኤል ላስከር ዘውዱን በ1894 ከስታይኒትዝ ተቀብሎ ለ27 ዓመታት ያዘው። ገንዘብ ወዳድ ነው ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፤ ፍርዱ ግን የተጣደፈ ይመስለኛል። ስታይኒትዝ በ1900 ኒውዮርክ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በድህነት ሞተ። ላስከርም የቼዝ ሊቅ በሙያው መኖር አለበት ሲል ይሟገት ነበር። ሙግቱ እውነት ነበረው። ሀብታም ወዳጅ በሌለው ተጋጣሚ ላይ ግን በር ዘጋ።

ሩቢንስታይን በ1880 በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው ፖላንድ፣ ስታቪስኪ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ሊቀ ካህን ሳይሆን ረቢ፣ ማለትም የሃይማኖት መምህር፣ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ እርሱ ግን ለቼዝ አደረ። በ1909 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከላስከር ጋር እኩል 14.5 ነጥብ አግኝቶ አንደኛነቱን ተካፈለ፤ በመካከላቸው የተደረገውን ጨዋታም ያሸነፈው እርሱ ነበር። በ1911 ሳን ሴባስቲያን ላይ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም፤ ካፓብላንካንም ረትቷል፤ ሆኖም በግማሽ ነጥብ ተቀድሞ አንደኛነቱ ለካፓብላንካ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው 1912 የእርሱ ዓመት ነው፦ ሳን ሴባስቲያን፣ ፒሽትያን፣ ብሬስላው፣ ቪልኒዩስ። ከእነዚህ አንደኛነቱን የተጋራው በብሬስላው ብቻ፣ ከዱራስ ጋር ነው።

በ1914 የጸደይ ወራት ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከተሰለፉት አሥራ አንድ ሊቃውንት ለፍጻሜው የሚያልፉት አምስቱ ብቻ ነበሩ። ሩቢንስታይን ከእነርሱ አልነበረም። ላስከር በ13.5 ነጥብ ካፓብላንካን በግማሽ ነጥብ በልጦ አሸነፈ። በበጋው ጦርነቱ ፈነዳ፤ በማንሃይም ይካሄድ የነበረው ውድድር መሐል ላይ ተቋርጦ አሌኪንን ጨምሮ የሩሲያ ተጫዋቾች በጀርመኖች ታሰሩ።

ከጦርነቱ በኋላ በሩ ይበልጥ ጠበበ። ካፓብላንካ በ1921 ሐቫና ላይ ላስከርን አራት ጊዜ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዘውዱን ወሰደ። በ1922 ለንደን ላይ በወጣው ደንብ መሠረት ተጋጣሚ ከ10,000 ዶላር ያላነሰ ሽልማት ማስገኘት ነበረበት። ደንቡን ከፈረሙት አንዱ ሩቢንስታይን ነው። ገንዘቡን ግን አላገኘም። አሌኪን በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ የተጋጠመው ከአርጀንቲና ድጋፍ ስላገኘ ነው።

ችሎታው ግን አልከዳውም። በ1930 ሀምቡርግ ኦሊምፒያድ ላይ የፖላንድ ቀዳሚ ተሰላፊ ሆኖ ከ17 ጨዋታዎች 13ቱን አሸነፈ፤ በቀሩት አራቱ አቻ ወጣ፤ ፖላንድም ወርቁን ወሰደች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአእምሮ ሕመሙ ጠንቶበት ከውድድር ራቀ። ፊዴ በ1950 የታላቅ ሊቅነትን ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለ27 ሰዎች ሲሰጥ ስሙ ከእነርሱ መካከል ነበር። በ1961 ቤልጅግ ውስጥ በአንትወርፕ ዐረፈ።