ስሙ ያልተጻፈው አናጢ

አሜሪካዊው የሥነ ቅርስ ተመራማሪ ጆርጅ ራይስነር እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 በሰሜን ሱዳን፣ ኬርማ በተባለው ቦታ ጥንታዊ መቃብሮችን ሲቆፍር ሟቾችን በእንጨት አልጋ ላይ ተጋድመው አገኘ። የአልጋዎቹ እግሮች የበሬ እግር አስመስለው ተቀርጸዋል፤ ዕድሜያቸውም ከ3,500 ዓመት በላይ ነው። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ መካከሉ ላይ የተወጠረ ቆዳ። በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ፣ በቢቸና ወይም በሞጣ ገጠር ያደገ ሰው ይህን አልጋ ለማወቅ ሙዚየም መሄድ አያስፈልገውም። የአያቶቹ የጠፍር አልጋ ነው። ሱዳኖችም አንገረብ ብለው እስከ ዘመናችን ተኝተውበታል።

የጠፍር አልጋ ምስማር አያውቅም። አናጢው የአግዳሚውን ጫፍ አቅጥኖ፣ በመሮ በፈለፈለው የእግር ቀዳዳ ውስጥ ይሰካዋል። የበሬው ቆዳ በቀጭኑ ይተለተላል፣ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ እንደረጠበ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ እየተጠላለፈ ይወጠራል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም አራቱን እግሮች ወደ ውስጥ ስቦ መገጣጠሚያውን ሁሉ ያጠብቃል። አልጋውን አጽንቶ የያዘው መኝታው ራሱ ነው! ጠፍሩ ሲረግብ ዳግም ይወጠራል፣ ሲበጠስ በአዲስ ይተካል፤ እንጨቱ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከዚህ የላቀ ብልሃት ያለው የቤት ዕቃ በአገራችን አላውቅም።

አልጋ ግን በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። አብዛኛው ገበሬ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ ይተኛ ነበር፤ አልጋ የባላባት ቤት ክብር ነበረ። እንጨት ያገለገለው ግን ለአልጋ ብቻ አልነበረም፤ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ በልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ምግብ በሰፋፊ የእንጨት ገበታ ይቀርብ እንደነበረ ጽፏል። እንጨት ከሳር ጎጆ እስከ ንጉሥ ድንኳን ያላገለገለበት ቦታ የለም።

ባለጸጋና ድኻ ሳይል በየደጃፉ የሚገኘው በርጩማ ነው። ከአንድ ግንድ ይወጣል፤ ሙጫ የለው፣ መገጣጠሚያ የለው። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ይጠረባል፣ ያን ጊዜ ለመሮ ይታዘዛልና። ከዚያ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ብዙው በርጩማ ሦስት እግር ያለው በከንቱ አይደለም። ሦስት እግር ያለው መቀመጫ መሬቱ ምንም ያህል ጎርባጣ ቢሆን አይንገዳገድም፤ አራት እግር ያለው ግን ለጥ ያለ ወለል ይፈልጋል። ቀሪውን ሥራ ጊዜ ይሠራዋል። የምድጃው ጭስ ያጠቁረዋል፣ ከነቀዝም ይጠብቀዋል፤ የተቀማጩ ልብስና የእጅ ወዝ ያወዛዋል። ዛሬ ሰዎች አሮጌ በርጩማ ሲያዩ የሚማርካቸው ያ ጥቁር ቡናማ ወዝ ከቀለም ቆርቆሮ አይገኝም።

የእንጨቱ ምርጫም እውቀት ይጠይቅ ነበር። ዋንዛ ለመጥረቢያ ገር ነው፣ ሲደርቅ ይቀላል፣ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ስለዚህ በርጩማውም፣ ገበታውም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮም ከዋንዛ ይሠራሉ። ለምሰሶ ደግሞ ጽድና ወይራ ይመረጣሉ። ዋንዛ ቆሞም ይጠቅማል፤ ነጭ አበባውን ንብ ትቀስመዋለች፣ ጣፋጭ ፍሬውን እረኛ ይለቅመዋል።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው የጎጃም አድባራት አንዱ ይኸው ነው። በቅኔ ቤት ዘር የሚቆጠረው በመምህር ነው፤ እገሌ ከእገሌ ተማረ፣ እሱም ከእገሌ እየተባለ ስም ከትውልድ ትውልድ ይተላለፋል። ብራናውን የጻፈው ጸሐፊም ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን አኑሮ ጸልዩልኝ ይላል። ያ ብራና የተዘረጋበትን አትሮንስ የጠረበው ማን ነው? የኔታ የተቀመጡበትን በርጩማስ? በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙ የእንጨት መናብርተ ታቦት ላይ በግእዝ የተቀረጸው ስም የንጉሡ ነው። መሮ የያዘው ሰው ግን ስም አልባ ሆኖ አልፏል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ባለ እጅ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አናጢው እንደ ቀጥቃጩ አይገለል እንጂ፣ ሥራው የገበሬ ትርፍ ጊዜ ሙያ ሆኖ ስለታየ የሚመዘግበው አላገኘም። ቅኔውን ያከበርነውን ያህል የቅኔ ቤቱን እንጨት ሠሪ አላከበርንም፤ ይህ የባህላችን ጉድለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። ከተማ ቁም ሣጥን፣ ቡፌና ኮመዲኖ አመጣ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ ጎጃምንም አለበሰው፤ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ሲደርቅ ግን የሚጣመምና የሚሰነጠቅ እንጨት በመሆኑ በርጩማ ለመፈልፈል አይመችም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር። ለአናጢው ግን ወፍራም ግንድ ማግኘት ብርቅ ሆነበት፤ የፕላስቲክ ወንበሩም በዚያው ዘመን ወደ ገጠሩ ዘለቀ።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ዞሮ አሮጌው ተፈላጊ ሆኗል። ከአንድ ግንድ የሚወጣው የጅማ ወንበር በአውሮፓና በአሜሪካ የጥበብ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ይታወቃል። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ባሉ የባህል ዕቃ መደብሮች በርጩማና ብርኩማ ተደርድረው ይታያሉ፤ ሆቴሎችና የባህል ምግብ ቤቶችም አዳራሻቸውን ያስጌጡባቸዋል። መወደዱ ደስ ይላል። የሚያሳዝነው የአያት በርጩማ በፕላስቲክ ወንበር ዋጋ ከቤት መውጣቱ፣ ከዚያም ወዙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በቫርኒሽ ማብለጭለጩ ነው። የተፈቀ በርጩማ የመቶ ዓመቱን ጭስና ወዝ በአንድ ቀን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ከአዲሱ የሚለየው ነገር ጥቂት ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምም የቤት ዕቃዎችን ሰብስቦ ያሳያል። ነገር ግን ሕግም ሆነ ሙዚየም ደብረ ኤልያስ ጓሮ ድረስ ገብቶ እያንዳንዱን በርጩማ ሊጠብቅ አይችልም።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ፣ ወላጆቻችሁ በገጠር ላሉ አንባብያን ነው። በመጪው በዓል አገር ቤት ስትሄዱ ያንን አልጋ፣ ያንን በርጩማ አትሽጡት፣ አትፋቁት፣ ቀለም አትቀቡት። ጠፍሩ ከላላ አስወጥሩት፣ ተኙበት፣ ተቀመጡበት። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉም ማን እንደጠረበው፣ ከየትኛው ዛፍና በማን ዘመን እንደተሠራ ጠይቁና የአናጢውን ስም ከመቀመጫው ሥር ጻፉት።