ማደሪያ ያለው የጃፓን ሚኒባስ ግዥ
በወላይታ ዞን ዲምቱም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ለመስክ ሥራ አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት የጃፓን ሚኒባስ ለመግዛት የሚሹ ወገኖች ከዋጋው በፊት የመሪውንና የበሩን አቅጣጫ ማጤን ይገባቸዋል። በጃፓን በግራ፣ በኢትዮጵያ ግን ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ በቀኝ ስለሚነዳ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራው መኪና መሪው በቀኝ፣ ተንሸራታች በሩ በአብዛኛው በግራ ነው። መሪው ቢዛወር እንኳ ተሳፋሪው የሚወርደው ተሽከርካሪ ወደሚተላለፍበት የመንገዱ መሀል ነው።

በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው ሲጨምር ታክሱም ከፍ ይላል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለሆነም አስመጪው ገንዘብ ከመላኩ በፊት ክልከላውንና ታክሱን ከጉምሩክ ኮሚሽን ማጣራት፣ አገር ውስጥ ካለው የሚገዛም የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።